ቀማሽና ጠጪ

ዣንላን በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከቫላንሲየን ከተማ ትንሽ ወጣ ብላ፣ ለቤልጅየም ድንበር የቀረበች መንደር ናት። በስሟ የሚጠራው ቀላ ያለ ቢራ በወፍራም የሻምፓኝ ጠርሙስ ተሞልቶ፣ በቡሽ ተደፍኖ፣ ቡሹም በሽቦ ታስሮ ይሸጣል። ሽቦውን ፈትቼ ቡሹን ስነቅል ቀድሞ የሚደርሰኝ ሽታ የምድር ቤት ሽታ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ እርጥበትና አሮጌ እንጨት የነካው። ብርጭቆ ውስጥ መልኩ መዳብ ነው። አረፋው ወፍራም ሆኖ ወደ ክሬም ያደላል፤ ቶሎም አይጠፋም። ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ብዙ አይናገርም፤ ጠረጴዛ ላይ ትንሽ አቆይቼው ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ይከፈታል። ፉት ስለው መጀመሪያ ጣፋጭ ይመስላል። ምላሴ መሀል ሲደርስ ጣፋጭነቱ ወደ ዳቦ ቅርፊት ይለወጣል፤ ቀጥሎ ደረቅ ፕሪም የመሰለ ነገር ይመጣል፤ ከዚያ ደግሞ እናቴ ለጠላ አሻሮ ስታምስ ቤቱን ይሞላው የነበረው ሽታ። ምሬቱ ስስ ነው፤ መጨረሻ ላይ መጥቶ ጣፋጩን ጠራርጎ ይሄዳል። 7.5 በመቶ የሆነው አልኮል የሚታወቀው ከዋጥኩት በኋላ ደረቴ ላይ በሚቀረው ሙቀት ነው።

በልጅነቴ ጎጃም ውስጥ ዲቁና ተቀብዬ አገልግያለሁ። ዛሬ ሊል ከተማ በአንድ የምግብ ቤተ ሙከራ እርሾና ባክቴሪያ እየመረመርኩ እኖራለሁ። የንስሐ አባቴ የሚኖሩት ፓሪስ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንነጋገረው በስልክ ነው። ከላይ የጻፍኩትን እንዲሁ በጨዋታ መሀል ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ጾም አይደለም፤ አልሰከርክም፤ መጠጣትህን አልነቅፍም» አሉኝ። «ግን ጠምቶህ አልጠጣኸውም። በልተህ ጠግበህ ነበር። ታዲያ አፍህ ውስጥ የምታገላብጠው ለምንድን ነው ልጄ?»

ይህ ጥያቄ ከስካር ጥያቄ ይከብዳል። ስካርን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቅዱስ ጳውሎስም የማያሻማ ቃል ተናግሮበታል። አባ የጠየቁኝ ግን ሰው ሳይሰክር፣ ሳይስገበገብ፣ በልኩ ሆኖ፣ ደስታን ራሱን ሆን ብሎ ቢከታተለው ምን ይባላል ብለው ነው። ፈጣሪ ለሥጋ ማቆያ የሰጠንን ነገር ስለ ጣዕሙ ብቻ መሻት ተገቢ ነውን? ከ590 እስከ 604 እ.ኤ.አ. የሮም ጳጳስ የነበረው ጎርጎርዮስ ሰው በሆዱ የሚስትባቸውን አምስት መንገዶች ሲዘረዝር ብዛትን ብቻ አላነሳም። ያለ ሰዓቱ መብላትን፣ ውድ ነገር መሻትን፣ መስገብገብን፣ በምግብ ዝግጅት መራቀቅንም ጨምሯል። በዚያ መለኪያ የቢራውን ሙቀት እየጠበቀ የሚቀመጥ ሰው ስካር ባይነካውም ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ከጎርጎርዮስ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» 10ኛ መጽሐፉ ከዚሁ ነገር ጋር ታግሏል። ምግብን እንደ መድኃኒት መውሰድ እንደተማረ ይናገራል። ነገር ግን ከረሃብ ሕመም ወደ ጥጋብ ዕረፍት ሲሻገር ደስታ መንገድ ላይ አድፍጦ ይይዘዋል፤ ለጤና የሚበቃው ለደስታ ስለሚያንስ፣ የሚበላው ለየትኛው እንደሆነ መለየት ይቸግረዋል። ይህን ያህል ራሱን የመረመረ ሰው በማንበቤ ደስ ይለኛል። መድኃኒት ባለው ላይ ግን አልከተለውም። እንክብል የሚዋጠው እንዳይቀመስ ተብሎ ነው፤ ስለ ጣዕሙ የሚመሰገን ሐኪም የለም። ምግብም እንዲህ ከሆነ በፍጥረት ውስጥ ያለው ጣዕም ሁሉ ትርፍ ሆኖ ይቀራል። ገብስ የተሰጠን ነፍስ ለማቆየት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሲታመስ ባልሸተተ ነበር።

ደግሞም ይህ ቢራ አውግስጢኖስ በፍላጎትና በደስታ መካከል ያሰመረውን ድንበር አያውቀውም። የሰሜን ፈረንሳይ ገበሬዎች የሚጠምቁት በብርድ ወራት ነበር። ሙቀት ሲመጣ በአየር ላይ ያሉ እርሾዎችና ባክቴሪያዎች ጥንስሱን ያኮመጥጡታል፤ ማቀዝቀዣ ደግሞ አልነበረም። ስለዚህ እርሻው ባረፈበት ጊዜ ከገብሳቸው ብቅል አውጥተው፣ በባዬልና በስቴንቮርድ አካባቢ የሚበቅለውን ሆፕ፣ ያን የፈረንጅ ጌሾ፣ ጨምረው ይጠምቁና ምድር ቤት ያስቀምጡታል። እንዲቆይ የታሰበው ጠንከር ተደርጎ ይጠመቃል። በምድር ቤቱ ቅዝቃዜ እርሾው ቀስ ብሎ ይዘቅጣል፤ የአዲስ ጥምቅ ሻካራነት ይለዝባል፤ የብቅሉ ጣዕም ጎልቶ ይወጣል። ሥራ በሚበረታበት ወቅት ለአጫጁም ለጉልበት ሠራተኛውም ይቀርባል። ዛሬ ጠማቂዎቹ ያን ምድር ቤት በማቀዝቀዣ ጋን ተክተው፣ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ለሳምንታት ያስተኙታል። እንግዲህ ያ ሁሉ ጥበቃ የመጣው ቢራው እንዳይበላሽ ነው፤ ጣዕሙ ከጥበቃው ውስጥ ተወለደ። ድሃው አጫጅ ጥሙን ሲቆርጥ የጠጣው ነገር መልካም ነበር፤ መልካምነቱን ያገኘውም ከችግር ነው። ፍላጎቱን ከደስታው ለይተህ አሳየኝ ብባል የት ላይ እንደምቆርጠው አላውቅም።

ቢራ ለምን እንደሚኮመጥጥ የታወቀበት መንገድ የሚጀምረው እኔ ከምኖርበት ከተማ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1854 የሊል ሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኖ መጣ። ወተት ስለሚያኮመጥጠው ፍላት የጻፈው በ1857 እዚሁ ተነበበ፤ በ1876 ስለ ቢራ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። እኔም ዛሬ እንጀራዬን የምበላው እሱ በከፈተው ሙያ ነው። ከዚያ 1ኛው የዓለም ጦርነት መጣ። አገሩን የያዘው የጀርመን ጦር የመዳብ መጥመቂያዎችን እየነቀለ ለጦር ፋብሪካ ወሰደ፤ ብዙ የመንደር ጠማቂዎች ከዚያ በኋላ አልተነሡም። ይህን ቢራ የጠመቀው የዱዊክ ቤተሰብ ዣንላን ላይ ሥራ የጀመረው ከዚያ ጥፋት በኋላ፣ በ1922 ነው።

ከአውግስጢኖስ ይልቅ እኔን የምትፈትነኝ ሲሞን ቬይ ናት። ይህች ፈረንሳዊት ፈላስፋ በ1943 እንግሊዝ አገር አሽፎርድ ውስጥ በ34 ዓመቷ ሞተች። የሳንባ ነቀርሳ ታማ ሳለች በጀርመን በተያዘችው ፈረንሳይ ያሉ ወገኖቼ ከሚደርሳቸው ራሽን በላይ አልበላም ብላ ነበር። ከሞተች በኋላ በታተሙት ጽሑፎቿ ውስጥ አንድ ሐሳብ አለ፤ የሰው ልጅ ትልቁ ሐዘን ማየትና መብላት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው ትላለች። ውብ ነገር ስናይ ልንበላው እንሻለን፤ ስንበላው ደግሞ ይጠፋል። ሔዋን የሳተችው ፍሬውን በመብላት ከሆነ፣ መዳኛው ሳይበሉ ማየት ሳይሆን አይቀርም የሚል ነው የሐሳቧ አካሄድ። ስለ ረሃብ የተናገረችውን በራሷ ሥጋ የከፈለች ሰው ስለሆነች፣ ቃሏን በቀላሉ ልጥለው አልችልም። ብርጭቆ ይዤ ሳስባት አፍራለሁ።

ለአባ መልስ መፈለግ የጀመርኩትም ከእሷ ቃል ነው። ቅምሻ በማየትና በመብላት መካከል የቆመ ሦስተኛ ሥራ ይመስለኛል። ፉት ያልኩትን አፌ ውስጥ ስይዘው ገና የእኔ አልሆነም። ጉሮሮዬ ይጣደፋል፤ እኔ እንዲጠብቅ አደርገዋለሁ። በዚያች አጭር ጊዜ ቢራው የእኔን ፍላጎት ትቶ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ስለ ገብሱ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለ ምድር ቤቱ። ጠጪ መጠጡን ወደ ራሱ ይወስዳል። ቀማሽ ደግሞ ራሱን ወደ መጠጡ ያስጠጋል። ይህን መታገሥ የተማርኩት ከመጠጥ ቤት አይደለም፤ ከሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ሽሮ የቀመሰ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ጾመኛና ቀማሽ ሁለቱም በአፍና በፍላጎት መካከል ጊዜ ያስገባሉ። ሆዳም ግን ያን ጊዜ አያገኘውም፤ አንድ ነገር ለመቅመስ ፋታ ቢኖረው ሆዳምነቱ ያን ጊዜ ይቆም ነበር። ሁለተኛው ብርጭቆ ሲያልቅ ምላስ ይደነዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መጠጣት ብቻ ነው፤ ስለ እሱ የምከራከርለት ነገር የለኝም።

በጎልጎታ የሆነውንም አስባለሁ። ጌታን ሊሰቅሉት ሲሉ ሐሞት የተቀላቀለበት ወይን አቀረቡለት። ማቴዎስ እንደጻፈው ቀመሰው፤ ሊጠጣው ግን አልወደደም። ወንጌላዊው ሁለቱን ሥራዎች ለይቶ አስቀምጧቸዋል። በዚያ ሰዓት እንኳ የቀረበለትን ሳያውቀው አልገፋውም፤ ካወቀው በኋላ ነው የተወው።

ከዚያ ደግሞ ቃና ዘገሊላ አለ። ጥር 12 በየዓመቱ ስናከብረው የሚነበበውን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ አንድ ነገር የገባኝ ግን የቀማሹን ሥራ ማሰብ ከጀመርኩ ወዲህ ነው። ወይኑ አልቆ ነበር፤ ስድስት የድንጋይ ጋኖች ውኃ ተሞሉ። የድግሱ አሳዳሪ ቀመሰ፤ ከየት እንደመጣ ግን አላወቀም። ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ያውቁ ነበር፤ እነሱ መቅመሳቸው አልተጻፈም። የቀመሰው ምንጩን አያውቅም፣ ምንጩን የሚያውቁት አልቀመሱም። ተጋባዦቹ ጠጥተዋል፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ለዚያ ሰዓት የሚቀርበው ተራው ወይን እንደሆነ አሳዳሪው ራሱ ለሙሽራው ይነግረዋል። ሠርገኛውን ከኀፍረት ለማዳን መካከለኛ ወይን ይበቃ ነበር። የተሰጠው ግን መልካሙ ነው፤ ያውም ሊያስተውለው የሚችል ሰው እምብዛም በሌለበት ሰዓት። አንድ ሰው አስተዋለ። እሱ ባይቀምስ ኖሮ ውኃው ወይን መሆኑ በአገልጋዮቹ ይታወቅ ነበር፤ መልካም ወይን መሆኑ ግን ሳይነገር ይቀር ነበር። ጣዕም ከንቱ ነገር ከሆነ ጌታ በመጀመሪያው ተአምሩ ስለምን ተጨነቀለት?

እኔ ቀን ቀን እንደ አገልጋዮቹ ነኝ። የዳቦ ቅርፊቱ ሽታ ስኳርና አሚኖ አሲድ በሙቀት ሲገናኙ እንደሚፈጠር፣ ይህንንም ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1912 እንደገለጸው አውቃለሁ። አንዳንዱ ቢራ ሙዝ ሙዝ ቢለኝ አይሶአሚል አሴቴት ነው እላለሁ፤ መጠኑንም ለክቼ ወረቀት ላይ አሰፍረዋለሁ። ነገር ግን ያ ወረቀት ቢራው መልካም ነው ብሎ አያውቅም። ይህን ለማለት የቀመሰ ሰው ያስፈልጋል፤ የቀመሰው ሰው ደግሞ የመናገር ዕዳ ይኖርበታል። ቅምሻ ምስክርነት ነው ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝም እዚህ ይደርሳል። ያልቀመሱትን ቀመስኩ ማለት፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ምላስ ያገኘው ማስመሰል፣ ውድ ስለሆነ ማሞገስ፣ ሁሉም የሐሰት ምስክርነት ነው።

በእውነት የሚናገርም ሰው ሊሳሳት ይችላል። በ2001 የታተመ አንድ የቦርዶ ጥናት 54 የወይን ጥበብ ተማሪዎችን ይጠቅሳል። ነጭ ወይን ሽታ በሌለው ቀለም ቀልቶ ሲቀርብላቸው በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የቀማሾች ነገር ውሸት ነው ብሎ ይደመድማል። እኔ ያስተማረኝ ሌላ ነው፤ ምላስ ብቻውን አይቀምስም፤ ዓይን፣ ትዝታና የሰማነው ቃል አብረው ይቀምሳሉ። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም በ1757 ስለ ጣዕም በጻፈው ድርሰት ከ«ዶን ኪኾቴ» ልቦለድ የወሰደው ታሪክ ደግሞ በሌላ በኩል ይቆማል። ሁለት ዘመዳሞች ከአንድ በርሜል ወይን ቀመሱ፤ አንዱ ቆዳ ቆዳ ይላል አለ፣ ሌላው ብረት ብረት፤ ሰዎች ሳቁባቸው። በርሜሉ ሲያልቅ ከሥሩ የቆዳ ማሰሪያ ያለው ቁልፍ ተገኘ። ሁለቱም እውነት ተናግረው ነበር፤ ሙሉውን ግን አንዳቸውም ብቻቸውን አላገኙትም።

እናቴ ለእንግዳ ጠላ ስትቀዳ አስቀድማ ጥቂት መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምስ ነበር። ከዚያ ነው ለእንግዳው የምትሰጠው። በአገራችን የኖረ ሥርዓት ነው፤ መጠጡ ክፉ ነገር እንደሌለበት ቀጂዋ በራሷ አፍ ታረጋግጣለች። ጥምም ደስታም ያላስቀመሳት፣ ለሌላ ሰው ብላ የቀመሰች ሴት ናት። ለአባ ይህን ስነግራቸው ወዲያው ተቀበሉት።

ከዚህ ከሊል በስተሰሜን ምዕራብ፣ በድንበሩ ኮረብታ ላይ ያለው የሞን ደ ካ ገዳምም የሚያሳየኝ ነገር አለ። በ1826 የተመሠረተ የትራፒስት ገዳም ነው፤ መነኮሳቱ ድሮ ቢራ ይጠምቁ ነበር። ጦርነቱ በ1918 ገዳሙን አፈረሰው፤ ከ2011 ወዲህ በስማቸው የሚሸጠው ቢራ የሚጠመቀው ቤልጅየም ውስጥ በሺሜ ነው። አይባቸውን ግን ዛሬም ይሠራሉ። ሥጋ የማያዘወትሩ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰዎች ናቸው፤ ሌላው ሰው የሚበላው አይብ ግን በሳል እንዲሆን ይተጋሉ። ጣዕምን ቢንቁት ይህን ያህል አይደክሙለትም ነበር። ለራሳቸው ቀንሰው ለሌላው ያበዙታል፤ ይህ ደግሞ ሲሞን ቬይንም የሚያስከፋት አይመስለኝም።

አባ ክርክሬን በትዕግሥት ሰሙት። የቃናውን አመኑልኝ፤ ሲሞን ቬይን ግን «እሷ ከአንተም ከእኔም ትበልጣለች፤ ተዋት» ብለው አለፏት። ከዚያ ለብቻህ አትቅመስ ብለው አዘዙኝ። ምክንያቱን አልጠየቅኋቸውም፤ ምስክርነት ነው ካልኩ ሰሚ ያስፈልገዋልና።

ከእኔ ፎቅ በታች ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ይኖራሉ፤ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ የተጠጋ ሽማግሌ። ዣንላኑን ቀዳሁላቸው፤ ማሩዋል የሚባለውን የአካባቢውን አይብ እሳቸው ቆረሱ። ደረቅ ፕሪም ይለኛል አልኳቸው። ብርጭቆውን አሽትተው፣ ፉት ብለው፣ ቆይተው ዋጡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቺኮሪ ነው» አሉ። በዚህ አገር ተቆልቶ ከቡና ጋር የሚፈላው ሥር ነው፤ ብዙው የሚመጣው በቅርብ ካለችው ከኦርሺ ነው፤ እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በየጠዋቱ ጠጥተውታል። እንደገና ፉት አልኩ። ቺኮሪው ከፕሪሙ ሥር ነበር፤ ደረቅ፣ ትንሽ የከሰለ፣ ወደ መራራ የሚያደላ።

ሳይናገሩ በፊትም ነበረ ወይስ ቃላቸው አመጣው? የቤተ ሙከራው መሣሪያ የተቆላ ብቅልና የተቆላ ሥር የሚጋሯቸውን ነገሮች ያሳየኛል፤ ይህን ግን አይፈታልኝም። እሳቸውም ጥያቄው ገባቸው፤ በጣም አከራከረን። የሚቀጥለው ጠርሙስ ከኤስኬልቤክ የመጣ ነው፤ ቲሪዬ የተባለው ጠማቂ በ1996 አሮጌ የእርሻ ግቢ ውስጥ ከከፈተው መጥመቂያ። ከሚመጣው ጾም በኋላ ስንከፍተው፣ ዳንኤል በሶስና ጉዳይ ሁለቱን ሽማግሎች ለያይቶ እንደጠየቃቸው፣ እኛም ሳንነጋገር ለየብቻ ወረቀት ላይ ልንጽፍ ተስማምተናል።